ዲን በጣሿ ዘማች

ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ሁሉ ለዘመቻ ወደ ገጠር ሲበተን እኔ የሦስተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነበርኩ። ጓደኞቼ «መሬት ላራሹ» ሲሉ እኔም ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ብያለሁ። ሰልፍ ላይ ግን አጠገቤ የሚቆም ሰው አልነበረም። ሽታዬ አያስቀርብም ነበራ!

ጥፋቱ የኔ አይደለም። ያን ዓመት መምህሬ የሰጡኝ ሥራ በድኝ ላይ ነበር። ሁለት የድኝ አተሞች ጎን ለጎን ተቆላልፈው የሚገኙባቸው ውህዶች አሉ። አንዱን ወስዶ በአልኮል ማሟሟት፣ ሁለት ዘንግ መንከር፣ ኤሌክትሪክ መልቀቅ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ኤሌክትሪኩ ኤሌክትሮን ሲነጥቃቸው ሁለቱ ድኞች ይላቀቁና እያንዳንዳቸው ኦክስጅን ይይዛሉ። ወረቀት ላይ ሲጻፍ ሁለት መስመር አይሞላም። ሽታው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ነጭ ሽንኩርት የሚሸተው በነዚህ ውህዶች ምክንያት ነው፤ እኔ የምሠራባቸው አጠገብ ሲቀመጥ ግን ነጭ ሽንኩርት ሽቶ ነው። የመኝታ ክፍሌ ልጆች ካፖርቴን ከመስኮት ውጭ ሰቅዬ እንድገባ ደንብ አወጡብኝ። ዘመቻው ሲታወጅ ከኔ ይልቅ እነሱ ሳይደሰቱ አይቀሩም።

ምድብሽ ወሎ፣ መካነ ሰላም ነው ተባልኩ። ከደሴ በጭነት መኪና ላይ፣ በጆንያ መሀል ተቀምጠን፣ ዳገቱን ስንወጣ አቧራ፣ ቁልቁለቱን ስንወርድ ፍርሃት እየዋጥን ደረስን። ያረፍነው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። ሥራችን ፊደል ማስቆጠር፣ የገበሬ ማኅበር ማደራጀትና የመጣውን መመሪያ ሁሉ ለሕዝብ ማንበብ ነበር። ሕዝቡ በትዕግሥት ያዳምጠናል፤ ስንጨርስ «አብሽሩ ልጆቼ፣ በርቱ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሥራ ያለው ማለቴ ነው። ረሃቡ ጋብ ብሏል፤ ነገር ግን ገጠር ወጣ ስንል ያየነው ከብት የሌለበት በረት ነው። በሬው አልቆ ቆዳው ብቻ በየግድግዳው ላይ ተወጥሮ ቀርቷል። ስለ መሬት ለማስተማር ሄጄ አንድ ሰውዬ «መሬቱስ መጣ፤ በምን ልረሰው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መመሪያዬን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩ። መልሱ እዚያ አልነበረም።

የእጅ ባለሙያዎችን መዝግቢ ተብዬ ነው ከአንድ ሽማግሌ ጋር የተዋወቅኩት። ቤታቸው ከከተማው ጫፍ፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ ነው። ቆዳ ይፍቃሉ፤ ጠፍር፣ ስልቻ፣ ቁርበት ይሠራሉ። በየገበያው ሰው ሁሉ የሳቸውን ሥራ ይፈልጋል፤ አጠገባቸው ተቀምጦ የሚበላ ግን የለም። እኛ ደግሞ «ፋቂ» የሚለው ቃል የፊውዳል ስድብ ስለሆነ «የቆዳ ባለሙያ» በሉ ተብለናል።

«አባባ፣ የቆዳ ባለሙያ ነዎት?» አልኳቸው እርሳሴን ይዤ።

«ፋቂ ነኝ» አሉኝ ቀና ብለው። «ፍቄ ነው የምበላው። ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?»

«የቆዳ ባለሙያ።»

«ከጻፍሽው በኋላ ሽታው ይለቃል?»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ትክ ብለው አዩኝ። «ሰው ሁሉ እዚህ ሲመጣ አፍንጫውን ይዞ ነው። አንቺ ቁጭ ብለሽ ትጽፊያለሽ። አፍንጫ የለሽም እንዴ?»

«ለምጄው ነው አባባ። አዲስ አበባ የምማረው ከዚህ የባሰ ይሸታል።»

ወዳጅነታችን በዚሁ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ጊዜ ሳገኝ ወንዙ ዳር ወርጄ እቀመጣለሁ። እሳቸው ይፍቃሉ፤ እኔ ፊደል አስቆጥራቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቢላዋ የያዘ እጅ እርሳስ ሲይዝ ያስቃል፤ እሳቸው ግን በአንድ ወር ውስጥ ስማቸውን ቆዳ ላይ በወስፌ መጻፍ ቻሉ። «ወረቀት ይቀደዳል፤ ይሄ ይቆያል» አሉኝ።

ጥቅምት ሲገባ አንድ መኪና መጣ። የእርዳታ መኪና ነው፤ የጫነው የሽምብራ ዘር ነው። ሽምብራ የሚዘራው ዝናቡ ሲያበቃ፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ ነው። ሳምንት ካለፈ አፈሩ ይደርቃል፤ ዘሩም ቢበላ እንጂ ቢዘራ ዋጋ የለውም። መኪናው ዘሩን ይዞ ከከተማው ወዲያ ወዳሉት የቆላ መንደሮች መውረድ ነበረበት። ከገበያው ቦታ ሳይወጣ ግን የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰ። መለዋወጫውን ሹፌሩ መንገድ ላይ ተጠቅሞበታል።

ሹፌሩ የደሴ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ሲናደድ ግን ከመኪናው ጋር የሚሳደብ። መጀመሪያ በገመድ ሞከረ፤ ገመዱ ተንሸራተተ። አቡጀዲ ጠምዝዞ ሞከረ፤ ጨሰ። ያለ ቺንጋ ሊሄድ ሲነሳ ደግሞ ገና የቤተክርስቲያኑን አጥር ሳያልፍ ሞተሩ እንደ ድስት ፈላ። ከደሴ ሌላ መኪና የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ዘሩን ሊወስዱ ከቆላ የወጡ ገበሬዎች መኪናውን ከበው ቁጭ ብለዋል። ጉልበት ያላቸው ጥቂቶች የቻሉትን ያህል በትከሻቸው ይዘው ወረዱ። አህያው እንደ በሬው አልቋል።

እኔ ነኝ ሹፌሩን ወደ ወንዙ ዳር የወሰድኩት። የተበጠሰውን ቺንጋ ይዞ፣ መሀረቡን አፍንጫው ላይ አድርጎ ገባ።

«አንተ፣ ይሄን የመሰለ መሥራት ትችላለህ?» አላቸው።

ሽማግሌው ቺንጋውን ተቀብለው ጎተቱት፣ አጠፉት፣ አሸተቱት። «ጠፍር ነው። ሦስት አድርጌ ደርቤ በጅማት ብሰፋው ይሆናል። ግን ያለኝ ሁሉ ደረቅ ቆዳ ነው። ተነክሮ ፀጉሩን እስኪለቅ በዚህ ብርድ አሥራ አምስት ቀን ይፈልጋል።»

«አሥራ አምስት ቀን! ላጨውና ሥራው እንጂ!»

«ምላጭ ላዩን ነው የሚወስደው። ሥሩ ይቀራል። ሥር ያለበት ቆዳ ቅባት አይጠጣም፤ ቅባት ያልጠጣ ጠፍር ደግሞ ሲሞቅ ይሰነጠቃል። እንኳን የመኪና፣ የበሬም አላደርገውም።»

ያን ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ሦስተኛ ዓመት ላይ ያለ ሰው ስለማያውቀው ነገር እንደሚደፍር ማንም አይደፍርም።

«እኔ በአንድ ቀን አስለቅቀዋለሁ» አልኩ። «በኤሌክትሪክ።»

ሁለቱም ዞር ብለው አዩኝ። ማስረዳት ጀመርኩ። ፀጉር ጠንካራ የሆነው ክሮቹ እርስ በርስ ስለተቆላለፉ ነው፤ መቆለፊያው ድኝ ነው፤ ሁለት ሁለት ድኝ እየሆነ ያያይዛቸዋል፤ እሱ ከተፈታ ፀጉሩ ይሟሟል። ይህን ሁሉ ስናገር ግን «ድኝ» አላልኩም። በእናቴ ቤት፣ ቄሱ በሰበኩ ቁጥር የምንሰማው «እሳትና ዲን» ነውና አፌ የለመደውን አልኩ።

«ፀጉር ውስጥ ዲን አለ፣ አባባ። እኔ ዲኑን እበጥሰዋለሁ።»

ሽማግሌው እጃቸው ላይ የነበረውን ቢላዋ አስቀመጡ። «ምኑን?»

«ዲኑን። በባትሪ እበጥሰዋለሁ።»

«አስተግፊሩላህ!» ብለው ተነሡ። «ልጄ፣ የቆዳ ባለሙያ ስትዪኝ ዝም አልኩ። ማኅበር ግባ ስትዪኝ ዝም አልኩ። ዲን የሚበጠስ ከሆነ ግን ከቤቴ ውጪ!»

ሹፌሩ ሳቁ እንዳያመልጠው መሀረቡን አፉ ላይ ጠቀጠቀ። እኔ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ገባኝ። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም «ዲን» ሲል ሃይማኖት ነው። «አባባ፣ ወላሂ እሱን አይደለም! ያ ቢጫው፣ ለእከክ የሚቀባው ዱቄት! ፀጉር ሲቃጠል የሚሸተው!»

«እሱማ ድኝ ነው!»

«ድኝም ዲንም ይባላል።»

«በኛ ዘንድ ዲን አንድ ነው፤ እሱም አይበጠስም» አሉና ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይተው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቁ ነው።

ነገሩ በዚያ ባለቀ ደግ ነበር። በር ላይ ግን ቁርበቷን ልትወስድ የመጣች ሴት ቆማ ኖሯል። የመጀመሪያውን ሰምታ፣ ማብራሪያውን ሳትሰማ ሄደች።

ባትሪውን ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። «ለወንድሜም አልሰጥ!» አለ ሹፌሩ። መኪናው ያለ ቺንጋ የትም እንደማይሄድ፣ ባትሪውም ለጌጥ እንዳልተሠራ አስረዳሁት። ፈትቶ፣ በሁለት እጁ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ አመጣው። ከካምፓችን ሬዲዮ የወጡ ያለቁ የባትሪ ድንጋዮችን ሰብሬ ከየመሀላቸው ጥቁር የከሰል ዘንግ አወጣሁ። አሞሌ ጨው በውኃ አሟሟሁ። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አድረው የለሰለሱ የቆዳ ቁራጮችን ሽማግሌው ሰጡኝ።

ዘንጎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከባትሪው አዎንታዊ፣ ሌላው ከአሉታዊ ጫፍ ጋር ይያያዛል። እኔ ዩኒቨርሲቲ የለፋሁት በአዎንታዊው ላይ ነው፤ ኤሌክትሮን የሚነጥቀው እሱ ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ማመንታት ቆዳውን እዚያ ላይ ጠመጠምኩ። ወዲያው ውኃው ይንተከተክ ጀመር፤ የበረኪና ሽታ ወጣ። ሹፌሩ ወደ ውጭ ሮጠ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ቀዩ ፀጉር እንደ ገለባ ነጣ፤ በጣቴ ስነካው እንደ ዱቄት ፈረሰ።

«ተበጠሰ!» ብዬ ጮህኩ። «ዲኑ ተበጠሰ!»

ወንዙ ዳር ውኃ የሚቀዱ ሴቶች እንስራቸውን እንደያዙ ቆሙ። እኔ በደስታዬ አላስተዋልኩም።

ሽማግሌው ቆዳውን አወጡ፣ በሁለት እጃቸው ያዙና ሳብ አደረጉት። እንደ በሰበሰ ጨርቅ ለሁለት ተከፈለ። ሁለቱን ቁራጭ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ፀጉሩስ ለቀቀ» አሉኝ በትሕትና። «ቆዳውም አብሮ ለቀቀ።»

ከጨዋማው ውኃ የወጣው በረኪና ድኙን ብቻ መርጦ አይበላም፤ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚበላው። ይህን ማወቅ ነበረብኝ። ፈተና ላይ ቢመጣ ጽፌው ሙሉ ውጤት አገኝበት ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ላይ ገበያው ቦታ መኪናውን ከበው የተቀመጡትን ገበሬዎች አየሁ። አንድ ቀን በልቼባቸዋለሁ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች ቁልቁለቱን ሲወርዱ አየን። አንዱ የከተማው ሼህ፣ አንዱ የደብሩ ቄስ ናቸው። ተደጋግፈው ነው የሚመጡት፤ መንገዱ ያዳልጣል። ከዘማቾቹ መሀል አንዳንዶቹ ስብሰባ ላይ ሃይማኖትን የሚነካ ነገር ተናግረው ስለነበር ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ተነሥቼ ጎንበስ አልኩ።

ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ አዲስ አበባ ዝናብ ጠየቁኝ። የመጡበትን ጉዳይ ያነሱት ሼሁ ናቸው።

«ልጄ፣ እኛ በተማረ ሰው አንጨክንም። ግን አንዲት ዘማች የመኪና ባትሪ አስራ የሰው ዲን ትበጥሳለች ይባላል። ከሴቶቹም የሰሙ አሉ። ጎረቤቴንም» አሉ ወደ ቄሱ እያመለከቱ፣ «ዛሬ የኛ፣ ነገ የናንተ ነው ብዬ ይዣቸው መጣሁ።»

ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስለ ፀጉሩ፣ ስለ ቆዳው፣ ስለ ቺንጋው እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ሼሁ ግራ ገባቸው። ቄሱ ግን ፊታቸው ፈካ።

«ቆዪ፣ ቆዪ! ዲን ያልሽው በሰዶም ላይ የዘነበውን ነው?»

«እሱን ነው አባቴ!»

ቄሱ ወደ ሼሁ ዞሩ። «እሱማ ድንጋይ ነው! የሚቃጠል ቢጫ ድንጋይ። በኛ መጽሐፍ ዲን ይባላል።»

«አጀብ!» አሉ ሼሁ። «የእናንተ ዲን ድንጋይ ነው ማለት ነው?»

ቄሱ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፣ ከዚያ ሼሁ እየሳቁ እንደሆነ አዩ። ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ፋቂው ሽማግሌም፣ ሹፌሩም፣ እኔም። ሼሁ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ «እንግዲህ የሚበጠሰውን ሳናይ አንሄድም» አሉና ሁለቱም ቁርበት ላይ ተቀመጡ። ሰው ከቤታቸው ገብቶ የማይቀመጥላቸው ፋቂው ሽማግሌ ሁለት ትልልቅ እንግዶች ሲያገኙ የሚያደርጉት ጠፋቸው። ሚስታቸውን ተጣሩ፤ እሳቸውም በአዲስ እንስራ ቀዝቃዛ ውኃ ይዘው ወጡ።

ስጠጣ ነው ያየሁት። አዲስ እንስራ ያልባል፤ ሆዱ ላይ የውኃ ጠብታ ጤዛ መስሎ ይወጣል። ውኃው ሸክላውን ያልፋል ማለት ነው። ውኃ ካለፈ ኤሌክትሪክም ያልፋል፤ በረኪናው ግን ተደባልቆ አይፈስም፤ ውስጡ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ሥራ ከውጭ አገር የመጣ የሸክላ ብርጭቆ ነበረን፤ እንዳይሰበር ተቆልፎበት።

«እናቴ፣ ትንሽ አዲስ ማሰሮ ይኖርዎታል?»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሼሁና ቄሱ ተመልሰው ቁርበቱ ላይ ሲቀመጡ፣ እንደገና ጀመርኩ። አዎንታዊውን ዘንግ ከትንሿ ማሰሮ ውስጥ ከተትኩት፤ የፈለገውን ያህል በረኪና ይሥራ፣ ብቻውን። ትንሿን ማሰሮ ትልቁ ጋን ውስጥ አስቀመጥኩ። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረውን ሌላ ቆዳ ከውጭ፣ ከአሉታዊው ዘንግ ጋር፣ ጨዋማው ውኃ ውስጥ ነከርኩት። ይህን ጊዜ የተማርኩትን ትቼ ያልተማርኩትን ጎን መያዜ ነው። በአሉታዊው በኩል ድኞቹን የሚበጥሳቸው ኤሌክትሪኩ ራሱ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ከጨውና ከውኃ የሚያወጣው የሚያቃጥል ነገር ነው።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሽማግሌው ጣታቸውን ጋኑ ውስጥ ነክረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ። «አባባ አይቅመሱ!» ብዬ ጮህኩ። ተፍተው፣ አሰላስለው፣ ወደኔ ዞሩ።

«ይሄማ አመድ ነው!»

«ምን?»

«የአመድ ውኃ ነው! አባቴም አያቴም በዚህ ነው የነከሩት። ባትሪ አስረሽ፣ መኪና አስቁመሽ፣ አመድ ነው የሠራሽው?»

ነገሩ እውነት ነው። ጥሩ የእንጨት አመድ የሚያወጣውና እኔ ያወጣሁት ነገር የአክስት ልጆች ናቸው። ሹፌሩ በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለለ። እኔ ግን አንድ ነገር ጠየቅኳቸው፤ «ታዲያ እርስዎ ለምን በአመድ አላደረጉትም?»

ፈገግታቸው ቀነሰ። «እንጨት የታለና? ሰዉ የሚያነደው ኩበትና አገዳ ነው። የዚያ አመድ ምንም ጉልበት የለው። ያንቺ ግን» አሉና እንደገና ምላሳቸውን በጣታቸው ነኩ፣ «ያንቺ የወይራ አመድ ነው። አሥር የወይራ አመድ።»

ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና ከየትም ዩኒቨርሲቲ አላገኘሁም። ወደ አመሻሹ ላይ ቆዳውን አውጥተው በአውራ ጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ፀጉሩ እንደ ርጥብ ሣር ከነሥሩ ተጠቅልሎ ወረደ። ጎተቱት፤ አልተቀደደም። ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ። ምንም! ሼሁ «ማሻ አላህ» አሉ፤ ቄሱ አጨበጨቡ።

የቀረው የሳቸው ሥራ ነበር፤ እኔ ቁጭ ብዬ አየሁ። የሚያቃጥለውን በቆላ ሎሚ አጠቡት። በረጅሙ ዙሪያውን እየቀደዱ አንድ ወጥ ጠፍር አወጡ። ሹፌሩ የመኪናውን ግራሶ ሰጣቸው፤ ቅባቱን በእግራቸው እየረገጡ አጠጡት። ይህን ሲሠሩ ከቆላ ከወጡት ገበሬዎች አንዱ ወርዶ ሲያይ ቆመ። ከጠፍሩ የተረፈው የግንባር ቆዳ፣ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ደጃፉ ላይ ወድቋል። ጎንበስ ብሎ አነሳው።

«ይሄ የኔ ቦቃ ነው» አለ።

ሽማግሌው ሥራቸውን አቆሙ። «አምና ያመጣህልኝ ነው። ቁርበት አድርግልኝ ብለህ፣ ተመልሰህ አልመጣህም።»

«በምን ጉልበቴ ልምጣ?» አለ ሰውዬው። ነጩን ምልክት በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ሳንጠይቀው የሰው በሬ ቆርጠናልና ሽማግሌው ይቅርታ ሊሉ ሲጀምሩ ሰውዬው እጁን አነሳ። «ይሥራ። ሲኖርም ጅራፍ ሳይነካው የሚሄድ በሬ ነበር። ዘሬን ይጎትትልኝ እንግዲህ።»

ቁራጯን ታጥቆት ከነበረው ጨርቅ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ላይ ወጣ። ሹፌሩ አፍንጫው ላይ የነበረውን መሀረብ ያወለቀው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሽማግሌው «አንተ» ሲል አልሰማሁትም።

ቺንጋው በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተሰፍቶ አለቀ። ሹፌሩ አስገባው፣ ወጠረው፣ ባትሪውን መለሰ፣ ሁሉም ሰው ከቦ እያየ ቁልፉን አዞረ።

ጭጭ።

እንደገና አዞረ። ትንሽ ጠቅ አለች፤ ከዚያ ጭጭ። ሹፌሩ ቀስ ብሎ አንገቱን በመስኮት አወጣና ከሕዝቡ መሀል ዓይኑ እኔን ፈለገ።

«ዲን በጣሿ!» አለ። «ባትሪዬንም በጥሰሽዋል!»

ሁለት ቀን ሙሉ አመድ ሳመርትበት የነበረው ባትሪ አንዲት ጠብታ ኃይል አልቀረውም። የምገባበት ጠፋኝ። ሼሁ ግን ጋቢያቸውን ከወገባቸው አሥረው ከመኪናው ኋላ ቆሙ። «ቁልቁለት ነው፤ እንግፋ!» ቄሱ አጠገባቸው፣ ከዚያ ገበሬዎቹ፣ ከዚያ ዘማቾቹ። ሽማግሌው ፈንጠር ብለው ቆመው ነበር። ባለ ቦቃው ገበሬ ዞር ብሎ አያቸውና በትከሻውና በሌላ ሰው ትከሻ መሀል ቦታ ለቀቀላቸው። «ይግቡ እንጂ፣ ባለሙያው!» ገቡ። «አንድ፣ ሁለት!» ስንል መኪናው ተንቀሳቀሰ፣ ተንከባለለ፣ አንገጫገጨንና ከቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር ሲደርስ ጥቁር ጭሱን ፊታችን ላይ ተፍቶ ተነሣ። እልልታው ከሞተሩ ድምፅ በለጠ። ሹፌሩ እንደገና ቢያቆመው እንደማይነሣ ስለሚያውቅ ገበሬዎቹ እየሮጡ ነው የተሳፈሩት።

ጠፍሩ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ላላ፤ ሁለቴ ተወጠረ። አልተበጠሰም። መኪናው ተመልሶ፣ ለመግፋት እንዲቀልለን ያራገፍነውን ዘር ጭኖ ወረደ። ሽምብራው እርጥበቱ ሳያመልጥ አፈር ገባ። በበሬ ያልታረሰውን በዶማ ቆፍረው ነው የዘሩት። ሁሉም በቀለ ብዬ አልዋሽም፤ ብዙው ግን በቀለ።

እኔ ስም ወጣልኝ። ፊደል የማስቆጥራቸው ሴቶች ሳይቀሩ «ዲን በጣሿ» ነው የሚሉኝ፤ ሼሁም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ዛሬስ የማንን በጠስሽ?» ይሉኛል። ከሁሉ የገረሙኝ ግን ሽማግሌው ናቸው። ሹፌሩ ወደ ደሴ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ቺንጋው ቢበጠስ የሚጠግንልኝ እፈልጋለሁ ብሎ ከጎኑ፣ ጋቢና ውስጥ አስቀመጣቸው። በዕድሜያቸው መኪና ውስጥ ገብተው አያውቁም። ሰው በገበያ መሀል እያየ፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ወጡ።

በአሥረኛው ቀን በሌላ መኪና ተመለሱ። እየሮጥኩ ወረድኩ።

«ደሴ እንዴት ነበር አባባ?»

«ደህና አገር ነው» አሉኝ ቢላዋቸውን እየሳሉ። «ሰዉም ደህና ነው። ሹፌሩ ከቤቱ አስገብቶ ከልጆቹ ጋር አንድ ገበታ ላይ አብልቶኛል፤ አላህ ይስጠው።» የቢላዋቸውን ስለት በአውራ ጣታቸው ሞከሩ። «ቆዳ አሠራር ግን አያውቁም። የሚሸጡትን ጫማ አየሁት፤ ቅባት የሚባል አልጠጣም። አንድ ክረምት አይከርምም።»